ቀለም ቆጠራ

ቫልፓራይሶ ላይ፣ ከወደቡ ወዲያ፣ ትንፋሽ በሚያሳጥረው ዳገት፣
በገመድ ተስቦ ሰው ሲያወጣ ሲያወርድ የኖረ ፉርጎ ደከመ በድንገት፤
ከሐዲዱ ወርዶ፣ ጋራዣችን ደርሶ፣ ተጋደመ በአራት ግንድ፣
ቆዳው ሊገፈፍ እንደቀረበ ሰንጋ፣ ሆዱ ባዶ፣ መስኮቱ ጉድጓድ።

እኔ ቸኩያለሁ።
ብርጭቆ ወረቀት ጨብጬ ክንዴን ሳጠነክር
ኢላሪዮ ያዘኝ፤ «ማካሬና፣ መጀመሪያ ቁጠሪ፣ ከዚያ እንነጋገር።»
«ምኑን ልቁጠር?»
«ቀለሙን።»

ምላጩን አዘንብሎ የበሩን ጠርዝ ቢልጠው
የስንት ዘመን ልብስ እርከን እርከኑን አወጣው፦
ከላይ ቢጫ፤ አንድ ከንቲባ ለምርጫ ያስቀባው፣
ከሥሩ አረንጓዴ፤ ከዓሣ ጀልባ ተርፎ አንዱ በነፃ ያመጣው፣
ሰማያዊ፣ ሁለት ጊዜ፣
ማን እንደመረጠው የማይታወቅ ቡኒ፣ የድሮ ትካዜ፣
ከሁሉም በታች፣ ከብረቱ ቆዳ ጋር ቆዳ ሆኖ፣
እንደ ብርቱካን የሚያበራ፣ በመልኩ ተማምኖ—
«እርሳስ» አለ ኢላሪዮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
ሰው የተኛ ይመስል።

ወረቀቱን ከእጄ ወሰደ። «ይሄ በደረቁ አይነካም፤
ብናኙ አይታይም፣ አይሸትም፣ ሲገባም አያንኳኳም።»
ላስቲክ ዘረጋን ከወለል እስከ ግድግዳ፣ በሩን በፕላስተር አሸግን፣
ሁለት ጉንጭ ያለው ጭምብል አጠለቅን።
«በመዳፍሽ ክደኚው፣ ሳቢ፤ ፊትሽ ላይ ካልተጣበቀ
ወዳጅሽ አይደለም።»

ከዚያ ውኃ፤ በመርጫ ጠርሙስ፣ ገላውን እንደሚያጥቡት ሕፃን።
ከዚያ እንደ ገንፎ የረጋው ማላቀቂያ፤ ቀብተን፣ በላስቲክ ሸፍነን፣
ቀለሙን እስኪነጋ እንዲያባብልልን።
ለብሎኑና ለማዕዘኑ ሙቅ አየር የሚተፋው ጠመንጃ፣ በትንሹ፤
«እስኪያብጥ እንጂ እስኪጨስ አይደለም። ከጨሰ ተሸንፈሻል።»
መፋቂያው አይገፋም፤ ወደ ራስ ይጎተታል፤
ቅርፊቱ ረጥቦ፣ ሳይበን፣ እንደ ሙዝ ልጣጭ ይወርዳል።
የወደቀውን ቫኪዩም ይውጣል፤ የዋጠውን መልሶ አይተፋም።
ቀኑን ሙሉ ተጎንብሰን አንድ ክንድ አይሞላም።
እኔ እኮ በአንድ ቀን ልጨርሰው ነበር።

ምሳ ላይ ቪቶሪኖ ይመጣል፤ ልጁ፤ አርባን ያለፈ፤
ሾርባ በፔርሙዝ፣ ዳቦ በብብቱ።
ከቢጫው ጥብጣብ ማዶ ይቆማል፤ አይሻገርም፣ ከልክሎታል አባቱ።
ኢላሪዮ ሸሚዙን ያወልቃል፣ እስከ ክርኑ ይታጠባል፣
ፊቱን፣ ጢሙን፤ አፉን ይጉመጠመጣል፤
ያኔ ብቻ ያቅፈዋል።
ቪቶሪኖም የዳቦውን መልስ ያስረክባል፣
ሦስት ጊዜ ቆጥሮ፣
ሦስቴም ሌላ ቁጥር፣
ፈገግ ብሎ።

ዓርብ ማታ፣ ብሩሽ እያጠበ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነገረኝ፦
«ያኔ በሽቦ ብሩሽና በእሳት ነበር የምንልጠው፣
አፋችንን በመሐረብ አስረን። ማታ ስገባ ሮጦ
ከነሸሚዜ ያቅፈኝ ነበር። ሁለት ዓመቱ።
ጢሜን በጣቱ ይነካል፤ ጣቱን ይጠባል።
ሰባት ሲሞላው እርሳስ አስያዝነው።
አስተማሪዋ አስጠራችኝ። ‹ልጅህ› አለች፣ ‹ቀለም አይገባውም።›
ምን ልበላት?
ገብቶታል እኮ።»

ማክሰኞ ብረቱ ራቁቱን ወጣ፤ ግራጫ፣ ሲነኩት የሚበርድ።
ጉሙ ጨው ተሸክሞ ከባሕሩ ወደ እኛ ሲያዘግም
«እንዲህ ሆኖ አያድርም» አለ፤
ሳይመሽ አዲስ ጸረ-ዝገት አለበስነው፣ መርዝ የሌለበት።
ዝቃጩን፣ ላስቲኩን፣ ጨርቁን በርሜል ውስጥ ከተን ከደንን።
የውስጡን ስም ክዳኑ ላይ ልጽፍ
ጆሮዬ ላይ የሰካሁትን እርሳስ ሳወጣ
«በእሱ አትጻፊ» አለኝ። «እርሳስ ይጠፋል።»

ካለው በኋላ ራሱን ሰማ።
ቧንቧውን ከፈተ፤ ደግሞ ታጠበ፣ ለረጅም ጊዜ፣
ንጹሕ የነበረውን እጁን።